መልኩነው

ከከተማችን ሰሜናዊ ዳር፣ የድንጋይ ንጣፉ አልቆ የጽድ ደኑ በሚጀምርበት ቦታ፣ መልኩነው የሚባል ምንጭ አለ። የታክሲ ረዳቶች «መልኩነው! መልኩነው አንድ ሰው!» እያሉ ሲጣሩ የሰማ እንግዳ የሰው ስም ይመስለዋል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን አንዲት ነፍሰ ጡር በሰዓቱ ሳትናገረው የቀረችው ቃል ነው።

ከተማው ገና እዚህ ሳይደርስ፣ ከደኑ ዳር አንድ ብቸኛ ድኩላ ይኖር ነበር አሉ። ጎኑ ኖራ የተረጨበት ይመስል ነጠብጣብ ነው። ረፋድ ላይ ሴቶቹ እንስራቸውን ሞልተው ፈቀቅ እስኪሉ ከጽዱ ሥር ቆሞ ይጠብቅና ወርዶ ይጠጣል፤ እነሱም «ባለተራው መጣ» ይሉት ነበር።

ከሩቅ አገር ተድራ የመጣች አትጠገብ የምትባል ልጅ እግር ሴት ከሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር ይባላል። በአማቷ በወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ሥራ እንጂ ጨዋታ ስላልደረሳት፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይወጣት ትውላለች። አርግዛ ሳለች ታዲያ አንድ ረፋድ ድኩላው ከውሃው ቀና ሲል አየችና ሳታስበው «ኧረ ዛሬስ እንዴት አማረኝ!» አለች።

መልኩን ማለቷ ነበር። ነፍሰ ጡር «አማረኝ» ስትል ግን ሰሚው ሌላ ትርጉም አይፈልግለትም።

«አማራት! እጇን ያዙላት፣ ገላዋን እንዳታክ!» አለች አንዷ። «ያከከችበት ላይ ነው የልጁ ምልክት የሚወጣው!»

ወሬው ቀድሟት ቤት ገባ። ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። «ምነው ልጄ፣ አምሮት ይደበቃል?» ብለው ከራሳቸው መደብ ላይ አስቀመጧትና በለብታ ውሃ እግሯን አጠቡላት። «ልጄ» ሲሏት ያን ቀን ገና መጀመሪያቸው ነበር። ባሏ ጓንጉል ውጅግራ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ እየወለወለ፣ «እመቤት ሆይ፣ ጉበቱ ነው ወይስ ጎድኑ ያማረሽ?» ሲል ቀለደባት።

አትጠገብ «መልኩን ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ብትለው ውሃው የሚደፋ፣ መደቡም የሚወሰድባት መሰላት።

«እንጃ» አለች።

ጓንጉል አጥሩን እስኪሻገር ድረስ ልትጠራው ትችል ነበር፤ እግሯን ከገበቴው ሳታወጣ ተቀመጠች ይባላል።

ድኩላው አልሸሸም። ሰውየው ምንጩ አጠገብ ሲቀመጥ ቀድቶ የሚሄድ መስሎት፣ ከጽዱ ሥር ቆሞ ተራውን ጠበቀ።

ጉበቱ ተጠብሶ ሲቀርብ ወይዘሮ ደብሪቱ በእጃቸው አጎረሷት፤ አልዋጥ አላት። «እሜቴ፣ መልኩን ነው... መልኩን ነው ያልኩት» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

አማቲቱ ሁለተኛውን ጉርሻ እንደያዙ ቀሩ። «ታዲያ ምን አፍሽን ያዘው?»

አትጠገብ የታጠበ እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። አማቲቱ ወደ እግሯ አዩ፤ ጉርሻውን መለሱት።

ልጅቷ ስትወለድ ገላዋ ላይ አንዳች ምልክት አልነበረም። አትጠገብ ባጠበቻት ቁጥር ግን ጎኗን እያገላበጠች ትፈልግ ነበር አሉ።

በመልኩነው ሰፈር ዛሬም ነፍሰ ጡር «አማረኝ» ስትል፣ ማንም ከመነሳቱ በፊት «መልኩ ነው?» ተብላ ትጠየቃለች፤ ብርቱካን ቢሆንም ትጠየቃለች፣ ይሳቃልም። ምንጩ ቧንቧ ቢገባለትም ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ሞልተው ወዲያው አይሄዱም፤ ትንሽ ውሃ ከምንጩ አጠገብ ባለ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ያፈስሱና ፈቀቅ ብለው ይቆማሉ። «ባለተራው ማነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ካለ፣ በአገጫቸው ወደ ጽዱ ያመለክቱታል። እዚያ ማንም የለም።