ልየው በብረት የለወጠው ማሽን

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ በሚመላለሱ ሹፌሮች ዘንድ አንዲት አባባል አለች። አንዱ ሥራውን ገና ሳይጀምር «እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሲፎክር፣ ወይም አዲስ አማቹን አንድ ቀን እንኳ አብሮት ሳይውል ሲያሞግስ ከሰሙ፣ እርስ በርስ ተያይተው ይሏታል። የሚሏት ሁሉ ግን መነሻዋን አያውቁም። ብዙው ሰው ከሹፌሮች ቀልድ የመጣች ይመስለዋል። ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም፤ ምጥ የያዛት ሴት ነበረችበት፣ አንድ አባትና ልጅም ነበሩበት።

ልየው ከደጀን ከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ መቆልቆል በሚጀምርበት አፋፍ ላይ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ሥራው የአባቱ ነበር። ጋሽ አንማው በዚያችው የቆርቆሮ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ ኖረዋል። ዳገቱን እየተንፏቀቀ የወጣ መኪና ሁሉ ጎማው ከከዳው መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። መፍቻቸው የመስቀል ቅርጽ ያለው ከባድ ብረት ሲሆን፣ ብሎኑ እምቢ ሲላቸው ረጅም ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክተው በሙሉ አካላቸው ይጫኑታል። ያ መጫን በመጨረሻ ቀኝ ትከሻቸውን በላው። እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልነሳ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳይነኩ» ሲላቸው እሺ ብለው ወጡ።

እሺ ማለት ሌላ፣ መተው ሌላ። ልየው ውኃ ሊቀዳ ዞር ሲል አባቱ መፍቻውን አንስተው ይገኛሉ። ሲመሽ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ትከሻቸውን በቅቤ ያሻሉ።

«ዛሬም ነክተሃል አባዬ» ይላቸዋል።

«አንዲት ብሎን ናት።»

«አንዲቷ ብሎን ናት ትከሻህን የምትጨርሰው።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ? ጎማ ላይ ተቀምጬ የመኪና ታርጋ ላንብብ?»

ልየው በሁለት ነገር መሃል ተያዘ። ሥራውን ቢከለክላቸው በትካዜ ሊያልቁ ሆነ፤ ዝም ቢላቸው ደግሞ ትከሻቸው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ አንማው ለቀብር ወደ ከተማ ሄደው ሳለ፣ ቆራሌው መጣ። ፈንታ ይባላል፤ በየሁለት ሳምንቱ በአህያ ጋሪ አሮጌ ብረት እየሰበሰበ በዚያ መንገድ ያልፋል። የዚያን ቀን ከብረታ ብረቱ መሃል ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣ። በውስጡ ሽጉጥ የመሰለ የብሎን መፍቻ ማሽን፣ ሁለት ባትሪና አንድ ቻርጀር ነበሩ።

«ገመድ አያሻው፣ ጉልበት አያሻው» አለ ፈንታ። «በዚህ ከሆነ ጣት ያለው ሁሉ ጎሚስታ ነው።»

ጣት ያለው ሁሉ የምትለዋ ቃል የልየው ልብ ውስጥ ገባች። የአባቱ ጣቶች ደህና ነበሩ።

ፈንታ ባትሪውን ሰክቶ ማሽኑን ወደ ሰማይ ደገነና ተጫነው። ዝርርር እያለ ዞረ። ከባትሪው ጎን አራት አረንጓዴ መብራቶች ቦግ አሉ።

«ብሎን ላይ እንሞክረው እንዴ?» አለ ልየው።

«አንተ ደግሞ! አሁን ደጅህ ላይ የቆመ መኪና የታለ? አራቱም መብራት በርቶ እያየኸው የምን ሙከራ ነው?»

እውነትም በደጁ መኪና አልነበረም። ፈንታም ገንዘብ አልጠየቀውም፤ የፈለገው ብረት ነው። ልየው የተጣመመ የጎማ ቸርኬና የተሰበረ የመኪና ማንሻ ክሪክ እየጎተተ አወጣለት። ፈንታ አልበቃውም። ዓይኑ ግድግዳው ጥግ ወደቆሙት መፍቻና ቱቦ ሄደ።

ልየውም ወደዚያው አየ። ያ ብረት እዚያ ጥግ እስካለ ድረስ አባቱ እጃቸውን እንደማይሰበስቡ ያውቃል።

«ውሰደው» አለ በመጨረሻ። ጋሪው በመታጠፊያው ሲሰወር ከራሱ ትከሻ ላይ አንዳች ነገር የወረደለት ያህል ቀለለው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አንማውን ማየት ነበር! ባትሪዎቹ ቻርጅ ሲደረጉ አድረዋል። ማሽኑን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ መንገዱ እየደገኑ ያዞሩታል።

«ልየው፣ ና እየው! ክንዴ እኮ አልተነሳም!»

«አየሁ አባዬ።»

«ምንም አላመመኝም!»

ማዶ ዳቦ የምትሸጠው ሴት «ጋሽ አንማው፣ ሽጉጥ ታጥቀው ወዴት ሊዘምቱ ነው?» ብላ አሳቀቻቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሳቸው ታየ። ከሳጥን የሥራ ቱታቸውን አውጥተው ለበሱና በሩ ላይ ቆመው መኪና መጠበቅ ጀመሩ። ልየው እያያቸው ምነው ቀደም ብዬ ባደረግኩት አለ በልቡ። ረፋዱ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ጠፋ፤ ሁለቱም ግን ነገሬ አላሉትም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሚኒባስ ከበረሃው እየተንገዳገደች ወጥታ ደጃቸው ቆመች። የኋላ ጎማዋ ተቦጫጭቆ በቸርኬዋ ነበር የመጣችው። ሹፌሩ ደምሰው ዘሎ ወረደ።

«ቶሎ በሉልኝ! ምጥ የያዛት ሴት ይዣለሁ። ከኩራር አምጥቻት ሆስፒታል ላደርሳት ነው።»

«ትርፍ ጎማ አለህ?» አሉ ጋሽ አንማው።

«አለኝ፣ ነፋስም አለው። የከዳኝ መፍቻዬ ነው። አፉ ሰፍቶ ብሎኑ ላይ እንዲሁ ይሽከረከራል።»

በሚኒባሷ ውስጥ አስካል የምትባል ወጣት የመጀመሪያ ልጇን እያማጠች ላብ አጥምቋታል። እናቷ እማማ ጓዴ ወገቧን ከኋላ አቅፈው «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ጋሽ አንማው በመስኮቱ ብቅ አሉና «አይዞሽ ልጄ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም!» አሏት።

ልየው መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ጋሽ አንማው ተንበርክከው ማሽኑን ከስድስቱ ብሎን አንዱ ላይ አሳረፉት። ትርርር ብሎ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ጋሽ አንማው ቀና ብለው ልየውን በኩራት አዩት። ሦስተኛው ብሎን ላይ ግን ማሽኑ አጓራ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ከአራቱ መብራት አንዱ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠፋ።

«ሁለተኛውን ስጠኝ።»

ሁለተኛው ባትሪ ሲገባ አራቱም መብራቶች በሩ። ብሎኑ ላይ ሲያሳርፉት አንዴ ግር ብሎ ጨለመ። ከብሎኑ ሲያነሱት መብራቱ ይመለሳል፤ መልሰው ሲያስነክሱት ይጠፋል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሞከሩት። ቻርጅ እንዳያደርጉት መብራት የለም።

«መፍቻዬን አምጣልኝ» አሉ ጋሽ አንማው።

ልየው ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ልየው! መፍቻውን ከነቱቦው!»

«የለም አባዬ።»

«የለም ማለት?»

«ትናንት ለቆራሌው ሰጠሁት። በማሽኑ ለወጥኩት።»

ጋሽ አንማው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ማሽኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡትና መዳፋቸውን በቱታቸው ጠረጉ። ከሚኒባሷ ውስጥ አስካል ጮኸች። ደምሰው ለአምቡላንስ ቢደውል ሌላ ወላድ ሊያመጣ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ሄዷል አሉት። ልየው መንገዱ መሃል ሮጦ ላይና ታች አየ፤ የመኪና ድምፅ የሚባል የለም። ይቺ ልጅ እዚህ መንገድ ዳር አንድ ነገር ብትሆን ጥፋተኛው እኔ ነኝ አለ በልቡ።

«መፍቻህን አምጣው» ሲሉ አባቱን ሰማቸው፤ የሚያናግሩት ደምሰውን ነበር።

«አይዝም ብዬዎት የለ ጋሼ?»

«አምጣው።»

ጋሽ አንማው የመፍቻውን አፍ ወደ ፀሐይ አዙረው ወደ ውስጥ አዩ። ጥርሱ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ከዚያ ልየውን ጠሩት። ድምፃቸው የድሮው፣ ልጅ ሳለ ሥራ ያስተማሩበት ድምፅ ነበር።

«ባዶ የቲማቲም ጣሳ አለ አይደል? በመቀስ ቀጭን አድርገህ ቁረጥልኝ። መኪናዋንም ከክሪኩ አውርዳት፤ ጎማው አየር ላይ ሆኖ እንዳይዞርብን።»

የቆርቆሮውን ቅዳጅ አጣጥፈው በመፍቻው አፍ ውስጥ ዙሪያውን አለበሱት። ብሎኑ ላይ በድንጋይ መታ መታ አድርገው አስገቡት። ጠበቀ። ነገር ግን እንዳይወጣ አንድ ሰው የመፍቻውን ራስ አጥብቆ መያዝ ነበረበት፤ የሚያዝበት ቦታ ደግሞ ብሎኑን ለማላቀቅ ልየው በሙሉ ክብደቱ ሊቆምበት ከሚገባው እጀታ ሥር ነው።

«ቁምበት» አሉ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«እጅህ አለበት እኮ አባዬ! ካመለጠ ጣቶችህን ይፈጫቸዋል።»

«እኔ ካልያዝኩት ይወጣል። ቁምበት ልጄ። እንደማትጥለኝ አውቃለሁ።»

ልየው ጫማውን አወለቀ። የደምሰውን ትከሻ ተደግፎ በባዶ እግሩ እጀታው ላይ ወጣ። ወደ ታች ሲያይ የአባቱ ነጭ ፀጉርና የተጠማዘዙ ጣቶች ይታዩታል።

«አትዝለል፣ ተጫን። ትንፋሽህን ልቀቀው… አሁን!»

ብሎኑ ቋ አለና ተላቀቀ።

አራቱም ብሎኖች እንዲህ ተላቀቁ። በእያንዳንዱ ቆርቆሮው እየተቀደደ አዲስ ይቆረጣል። በመጨረሻው ላይ መፍቻው ትንሽ ሸርተት አለና የጋሽ አንማውን አመልካች ጣት ገሸለጠው። ልየው እንዳያይ ጣታቸውን ቱታቸው ውስጥ ሸጎጡት። እማማ ጓዴ ግን በተከፈተው በር በኩል አይተዋል፤ ምንም አላሉም።

መኪናዋ እንደገና በክሪክ ተነስታ ትርፉ ጎማ ገብቶ በዚያው መፍቻ ሲጠብቅ ደምሰው እጁን ወደ ኪሱ ላከ። «ሂድ!» ብለው ጮኹበት ጋሽ አንማው። ሚኒባሷ አቧራ አስነስታ ሄደች።

ዐሥር ሰዓት ላይ የልየው ስልክ ጠራ። ደምሰው ነበር። በደረሱ በሩብ ሰዓት ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ልየው ይህን ለአባቱ ሲነግራቸው ጎማው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን እያዩ «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁት።

«ለምን ሰጠኸው?»

«ትከሻህን ስታሽ ማየት ከበደኝ አባዬ። ሥራህንም ትከሻህንም አንድ ላይ ላተርፍልህ ብዬ ነው።»

ጋሽ አንማው በደህናው እጃቸው የልየውን አንገት ያዝ አደረጉት። «ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ማሽኑን ወደ ሳጥኑ መልሰው አልጋ ሥር ከተቱት።

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ መቆም ተዉ። ልየው ከደጀን ገበያ ሌላ መፍቻ ገዛ። ባትሪዎቹንም ለአንድ ኤሌክትሪሺያን አሳያቸው፤ ሰውየው ከፍቶ አይቶ «አርጅተዋል፣ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል» አለው። ይህን ለአባቱ ቢነግራቸውም አልተጽናኑም። ምጥ ለያዛት ልጅ አምስት ደቂቃ ብያት ዋሸኋት፤ ሐሳባቸው ሁሉ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሚኒባሷ እንደገና ደጃቸው ቆመች። ደምሰው በሩን ሲከፍት እማማ ጓዴ ሕፃኗን ታቅፈው ወረዱ፤ አስካልም ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለቻቸው። ወደ ኩራር ሊመለሱ ነው። ልየው አባቱን ከውስጥ ጠራቸው። ጋሽ አንማው እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«እኅቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ ገና ከበሩ። «ያን ዕለት የማላውቀውን ተናግሬ ልጅዎን አስጨነቅኋት።»

«ምኑን ነው ይቅር የምልዎ? ልጅዎ ከላይ ሲቆም እጅዎን ከሥር አላወጡም። ጣትዎ ሲደማም አይቻለሁ። የልጄን ልጅ ያገኘሁት በዚያ እጅ ነው» አሉ እማማ ጓዴ፤ ሕፃኗንም በግራ ክንዳቸው ላይ አስታቀፏቸው።

ጋሽ አንማው የሕፃኗን ፊት አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያም ሆኖ ነገሩ አልወጣላቸውም።

«እውነቴን እኮ ነው» አሉ ሊምሉ እንደተዘጋጁ ሁሉ፤ «ያን ዕለት ጠዋት እዚችው በር ላይ ማሽኑን ደጋግሜ ሳዞረው አራቱም መብራት በርቶ ነበር። ሙሉ ነበር።»

እማማ ጓዴ ከልባቸው ሳቁ፤ አስካልም ደምሰውም ሳቁ፤ በመጨረሻ ጋሽ አንማውም ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ። እማማ ጓዴ የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው የሰውየውን እንባ እየጠረጉ እንዲህ አሏቸው፦ «ተዉት የኔ ወንድም፣ ብሎን ያላየ ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።»