የጦጢት ጉርሻ

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ይቺን ተረት ባወራኋት ቁጥር ስለ እናንተ እጨነቃለሁ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚልኩበት ጊዜ፣ ይሉኝታ የሚያጠቃት አንዲት ትንሽ ሚዳቋ ነበረች። ብልጣብልጥና ሆዳም የሆነች ጦጢትም ነበረች። ሁለቱም የሚማሩት ከጫካው ማዶ፣ መምህር ኤሊ ዘንድ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ በአያ ጅቦ ዋሻ በኩል ማለፍ ግድ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከእንቅልፉ ይነሳል።

እናት ሚዳቋ ጠዋት ጠዋት አገልግሏን በባቄላ ንፍሮና በጎመን ትሞላላታለች።

"ልጄ፣ ምሳሽን ጥርግ አድርገሽ ብዪ። ከአያ ጅቦ የሚያስመልጥሽ እግርሽ ብቻ ነው" ትላታለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጦጢት በማር የተለወሰ ሾላ ይዛ ከተፍ አለች።

"እህቴ፣ በሞቴ ጉረሺልኝ!"

ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረሰች።

"በሞቴ ድገሚ!" ደገመች።

"በሞቴ ሠልሺ!" ሠለሰች።

ጣፋጩ ሆዷን ዘጋውና ንፍሮው አልወርድ አላት። ጦጢት "ከሚበላሽ እኔ ላንሳልሽ" ብላ አገልግሉን ሙልጭ አደረገችው።

የዚያን ቀን ሚዳቋ ዋሻው ጋ ስትደርስ እንደ ወትሮው መሮጥ አቃታት። አያ ጅቦ ሲያዛጋ ሰማችው። እናቷ ደጅ ላይ ስትንቆራጠጥ ቆይታ፣ እያለከለከች የመጣችውን ልጇን ተቀበለቻት።

በማግስቱም ያው ነው። ጉረሺ፣ ድገሚ፣ ሠልሺ! አያ ጅቦ በዚህኛው ጊዜ ግን እስከ መንደሩ ጫፍ አባረራት። ትንፋሹ ጀርባዋን ሲያሞቀው ተሰማት። ቤት ገብታ እያለቀሰች ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት።

"ጉርሻ ክብር ነው ልጄ" አለች እናቷ። "ግን ከራስሽ ምሳ በኋላ ይሁን። ነገም ሳትበዪ ከመጣሽ..."

በሦስተኛው ቀን ጦጢት መጣች። "በሞቴ!" አለች።

ሚዳቋ አገልግሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ልጆቹ ሁሉ ያይዋታል።

"መጀመሪያ የራሴን ልጨርስ" አለች በቀጭን ድምፅ።

"እኔ ልሙት እያልኩሽ?"

"አትሙቺ። እኔም መሞት አልፈልግም።"

ንፍሮዋን አንድ ፍሬ ሳታስቀር በላች። ጦጢት በንዴት ሾላውን ሁሉ ብቻዋን ዋጠችው።

ሲመለሱ፣ ዋሻው አጠገብ ጦጢትን ቁርጠት ያዛት። ወዲያው አያ ጅቦ ብቅ አለ! ጦጢት ዛፍ ላይ ዘለለች፣ ተንሸራተተች። ዘለለች፣ ተንሸራተተች። በሦስተኛው አያ ጅቦ ጭራዋን በጥርሱ ያዘ።

"እህቴ፣ ድረሺልኝ!"

ሚዳቋ ሮጣ አልፋ ነበር። ቆመች። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ቢሆንም ተመልሳ የአያ ጅቦን አፍንጫ በኋላ እግሯ ጠለዘችው። ጦጢትን አዝላ ሸመጠጠች። የጭራዋ እኩሌታ ግን እዚያው ጅቡ አፍ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጦጢት የራሷን ምሳ ብቻ ትበላለች።

እንግዲህ ልጆች፣ መጀመሪያ ምሳችሁን ብሉ፤ ጣፋጩ ይደርሳል። በሞቴ እያለ የሚያጎርሳችሁ ሁሉ ለእናንተ አስቦ አይደለም። "በቃኝ" ማለት ነውር የለውም።

ተረቴ ይኸው ነው። ነገ ምሳ ሰዓት እኔ አጠገባችሁ የለሁም፤ ጭንቀቴ እሱ ነው።