አርባ አህዮች ያልተንከባለሉበት አቧራ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ የሸለቆው ሳር ባለቀበት ዓመት፣ የአንበሳ ጦር መልማይ ወደ አህዮች አገር ወረደ። መልማዩ ቀበሮ ነበር። ከመንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠና በሰፊ ጣባ እርጥብ ጭቃ ከፊቱ አኖረ። መዝመት የፈቀደ አህያ ኮቴውን ጭቃው ላይ ያሳርፋል። ያሳረፈ ወዶ ዘማች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቤን ለወጥኩ ማለት የለም።

በሦስተኛው ቀን ቡላ የሚባል አህያ መጣ። ጎድኑ መቆጠር ጀምሯል። ታላቅ ወንድሙ አምና ከሌሎች ሠላሳ ዘጠኝ አህዮች ጋር ዘምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ቡላ መዝመት ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ ግን መጠየቅ ፈለገ።

«ና ጎበዝ» አለው ቀበሮ። «ይህን ትከሻ ሳይ፣ ጌታችን አንበሳ ሲጠብቀው የኖረው አንተን ነው አልኩ።»

«ከእኔ በፊት ለመጡት ለስድስቱም እንዲሁ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አያ ቀበሮ። ሥራው ምንድን ነው?»

«ስንቅ መጫን። የለመድከው ነው።»

«እስከ የት?»

«እስከ ተራራው።»

«ከተራራው ወዲያስ?»

«ከተራራው ወዲያማ ድል ነው።»

«ድል ስንት ቀን ያስኬዳል?»

ቀበሮ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ከጆሮህ ይረዝማል። በቀን ሦስት ቁና ገብስ ትበላለህ። ሌላ ምን ትሻለህ?»

ቡላ ጣባውን ጎንበስ ብሎ አየ። «እዚህ ላይ የሚያርፈው ኮቴ ብቻ ነው። ገብሱ የቱ ጋ ነው?»

«ገብሱ በጌታችን ቃል ውስጥ ነው።»

«እሺ። አምና የዘመቱት አርባዎቹስ? አንዱ ወንድሜ ነው። የተመለሰ አለ?»

«ሁሉም ተመልሰዋል» አለ ቀበሮ ዓይኑን ሳያርገበግብ። «ትናንት ነው የገቡት። ጭነታቸው ተራግፎላቸው ከወንዙ ማዶ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጀርባ አርፈዋል።»

«አገራቸው እዚህ ነው። ለምን ወደ ቤታቸው አልመጡም?»

«ገብሱን ትተው?»

«እንግዲያው ልያቸው።»

«ያልዘመተ ወደ ሰፈሩ አይገባም። መጀመሪያ ኮቴህን አሳርፍ።»

«ካሳረፍኩ በኋላ ማየቴ ምን ይረባኛል?»

በዋርካው ዙሪያ የቆሙት አህዮች ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ቀበሮ እምቢ ቢል እንደሚበተኑበት አየ። «ነገ ጧት ና» አለ። «የተመለሰ ዘማች ራሱ ያነጋግርሃል።»

በማግስቱ ቡላ ወንዙን ተሻገረ። ከአጥሩ በር ላይ፣ በአንገቱ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ጅብ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ቀበሮ ለጅብ አጥንት ቃል ገብቶ ሦስት መልስ አስጠንቶት ነበር፦ መጀመሪያ ስለ ምግቡ፣ ቀጥሎ ስለ ውጊያው፣ በመጨረሻ ስለ አህዮቹ።

ቡላ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆመ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ጅቦ።»

«ደኅና። ቀረብ በል እንጂ።»

«ከዚህም ይሰማኛል። ጆሮዬን ያዩታል።»

ቡላ የተጠና መልስ ይኖራል ብሎ ስለጠረጠረ ጥያቄውን ከኋላ ጀመረ። «አርባዎቹ አህዮች እንዴት ናቸው?»

ጅብ የመጀመሪያውን መልስ ሰጠ። «በጣም ይጣፍጣል። በቀን ሦስት ጊዜ እንጠግባለን።»

ቀበሮ ሳል ያዘው።

«ምግቡስ እንዴት ነው?» አለ ቡላ።

«ትንሽ ግርግር አለው፤ ግን ቶሎ ያልቃል።»

«ውጊያውስ?»

«ሁሉም ከአጥሩ ጀርባ ተኝተዋል» አለ ጅብ፣ ሦስቱንም ሳይረሳ በመጨረሱ ደስ ብሎት ወደ ቀበሮ እያየ።

«ብዙ ጦርነት ያየ አርበኛ ነው፤ አንዳንዴ ይዘባርቃል» አለ ቀበሮ።

ቡላ የጅብን ንግግር እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም። ጅብ ሞኝ ነው፤ ሞኝ ስለተሳሳተ አርባዎቹ ሞተዋል አይባልም። አስጠኚ እንደነበረው ግን ተረዳ። በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄደና በእሾሁ ክፍተት ወደ ውስጥ ተመለከተ።

ግቢው ባዶ ነበር። «ውኃ ሊጠጡ ወርደው ነው» አለ ከኋላው የተከተለው ቀበሮ። ቡላ ግን የሚያየው መሬቱን ነበር። መሬቱ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ሲሆን፣ ከአንድ ቀጭን የእግር ዱካ በቀር ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ ነው።

አህያ ጭነቱ ሲራገፍለት ይንከባለላል። ቢርበው ከመብላቱ በፊት፣ ቢጠማው ከመጠጣቱ በፊት፣ አቧራ ፈልጎ ይተኛና ጀርባውን በግራም በቀኝም ያሻል። የደከመ ይንከባለላል፤ የቆሰለም ይንከባለላል። አርባ አህያ ትናንት እዚህ ከተራገፈ፣ ይህ አቧራ እንደ ታረሰ ማሳ መገለባበጥ ነበረበት።

«እዚህ አንድም አህያ አልተንከባለለም» አለ ቡላ።

«ነፋስ ደልድሎት ይሆናል።»

«ያ ከበሩ እስከ ጥጉ የሚሄደው የእርስዎ ዳና ነው። የእርስዎን ትቶ የአርባ አህያን ብቻ የሚያጠፋ ነፋስ አላውቅም።»

«ለመሆኑ ምን ልትል ነው?» አለ ቀበሮ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ እንዳልተራገፈ ግን አውቃለሁ።»

«አንተ ፈሪ ነህ።»

«እሱን ገና አላጣራሁም» አለና ቡላ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ።

ዋርካው ሥር ለጠበቁት አህዮች አትዝመቱ አላላቸውም። «መዝመት የፈለገ ይዝመት» አለ። «ኮቴውን ከማሳረፉ በፊት ግን ከአጥሩ ጀርባ ያለውን አቧራ ይመልከት።»

ወሬው ከቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰፈሩን በር ከፈተና ሸለቆውን ሁሉ ጠራ። ጣባውንም ጭቃውን በውኃ አርሶ አስመጣ።

አህዮቹ ገቡ። አቧራው በእርግጥ ተገለባብጧል። አንዱ ቆጠረው፤ አርባ ቦታ ላይ የመንከባለል ምልክት አለ።

«አያችሁ?» አለ ቀበሮ። «ሰው ስም ሲያጠፋ እንዲህ ነው። አሁን በተራ በተራ ወደ ጣባው።»

ሁለት አህዮች ወደ ጣባው ተንቀሳቀሱ። ቡላ አንገቱን ወደ አቧራው ዝቅ አድርጎ አሸተተ። ከዚያም ለሌሎቹ ቦታ ለቀቀ። እነሱም ዝቅ ብለው አሸተቱ። ወደ ጣባው የሄዱት ሁለቱ ቆሙ።

በዚህ መካከል ከጥጉ ቁጥቋጦ ውስጥ ጅብ ብቅ አለ። ከጆሮው እስከ ጭራው አቧራ ለብሷል፤ ቀይ ጨርቁም ግራጫ ሆኗል።

«አያ ቀበሮ» አለ እያነጠሰ፣ «አርባውንም ተንከባልዬ ጨርሻለሁ። አጥንቱስ?»

አህዮቹ ወደ በሩ ዞሩ። ማንም አልጮኸም፤ የሮጡ ግን ነበሩ። ጭቃው ጣባው ላይ እንዳለ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ አንድም ኮቴ አላረፈበትም።

ቡላ በዚያ ዓመት ገለባ እየበላ ከረመ። ወንድሙ አልተመለሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝመቱ የሚለንን ከመስማታችን በፊት ዘምቶ የተመለሰውን ፈልገን መጠየቅ እንዳለብን፣ የሚጠየቅ ተመላሽ ከጠፋም መጥፋቱን ራሱን እንደ መልስ መቁጠር እንደሚገባን ነው።