የዐሥረኛው ፎቅ ጥቅስ

ፎቅ ላይ የሚሠራ ሁሉ የደህንነት ቀበቶ ይታጠቅ የሚል ደንብ ወጣ። ኮንትራክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ግን ቀበቶ መግዛት ከበደውና ዐሥረኛው ፎቅ ጫፍ ላይ «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋል» የሚል ጥቅስ አስለጠፈ።

ሲሚንቶ የምታመላልስ አንዲት ሴት የእንጨቱ መወጣጫ ሥር ቆማ፣ «ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ፤ ያለ ቀበቶ አልወጣም» አለችው።

«አንቺ እምነት የለሽ! የዳዊትን ቃል ትጠራጠሪያለሽ? በይ ውጪ፣ አለዚያ ወደ ቤትሽ!» ብሎ ጮኸባት።

ሴትዮዋ አማተበች። «ቃሉንስ አምናለሁ ጋሼ። ግን ጌታችንን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ይህችኑ ጥቅስ የጠቀሰለት ሰይጣን ነው። እሱም ቢሆን ዝለል አለው እንጂ፣ ሲሚንቶ ተሸክመህ ዝለል አላለውም።»