የግራው ፓራፋንጎ

ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙባት፣ የአንዱ መስጊድ አዛን ሳያበቃ የሌላው በሚቀበልባት አንዲት የጥንት ከተማ ውስጥ ሐጂ በድሩ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ገላ ቀጥቅጠው ወደ ቀድሞ ቅርፁ ይመልሳሉ። ከተማዋ ስለ እጃቸው አንድ አባባል ነበራት፤ "በድሩ የነካው አይታወቅም" ትላለች።

ዕድሜያቸው ሰባን ሲያልፍ መዶሻውን ሰቀሉና የቀራቸው ሥራ ምስክርነት ሆነ። መኪና የሚገዛ ሰው ይጠራቸዋል። በጣታቸው አንጓ ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ከዚያ "ይሄ ያልተነካ ነው፤ ይሄኛው ግን ስቱኮ ጠጥቷል" ይላሉ። ስቱኮ ጉድለት የሚሞላበት፣ ቀለም ሲቀባ የሚሰወር ልስን ነው። እሳቸው ካሉ ማንም አይከራከርም።

በአንድ የረጀብ ወር ናትናኤል የሚባል ሰው ከዋናው ከተማ መጣ። በኪሱ የታጠፈ ፎቶ ይዟል። የሚፈልገው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ ለፍጥነት እንድትቀል ተብሎ ገላዋ በሙሉ በአሉሚኒየም የተሠራች። ዘጠኝ ዓመት ፈልጓታል። በገበያው ጥግ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣

"ዘጠኝ ዓመት ሚስት ቢፈልግ ኖሮ ይሄኔ አያት ነበር" ተባባሉ።

እሱ ግን ሳቀና ፎቶውን ዘረጋላቸው። አንዱ አጎንብሶ አየና "ይቺማ የሸምሰዲን መኪና ናት!" አለ።

ሸምሰዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በደጉ ዘመን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። መኪናዋን ከአንድ አገሩ ከሚመለስ ባዕድ ገዝቶ በየጁምዓው ይነዳት ነበር። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሙንተሃ በግቢዋ ውስጥ ሸራ አልብሳ አስቀመጠቻት። ሸራው ሲገለጥ ከወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ እየተንጫጫች ተነሣች፤ ሦስት እንቁላል ተገኘ። አረንጓዴው ቀለም ደብዝዟል፣ ጎማዎቹ ሟሽሸዋል፤ ናትናኤል ግን ኮፈኑን በመዳፉ ደጋግሞ ዳሰሰው።

ሙንተሃም እንደ እሱ ልቧ ተንጠልጥሎ ነበር። ባለፈው ክረምት የቤቷ የኋላ ግድግዳ ተደርምሶ፣ ከልጇና ከሦስት የልጅ ልጆቿ ጋር በአንድ ክፍል ታጭቃለች። ሰማዩ ሳይጠቁር ግድግዳው መቆም አለበት። ለዚህ ከመኪናዋ ሌላ ምንም የላትም።

"ሐጂ፣ እኔ የመኪና ነገር አላውቅም" አለቻቸው። "ወኪሌ ይሁኑኝ።"

ሐጂ በድሩ ሽበታቸውን ዳሰሱ፣ ወደ መኪናዋ ግራ ጎን አዩ፣ ከዚያ "እሺ" አሉ። እሺ ያሉት ግን እምቢ የሚሉበትን ምክንያት ለመናገር ስለከበዳቸው ነበር።

ናትናኤል ቀለሙን እንዳይጭር በፍላኔል ጨርቅ የጠቀለለውን ማግኔት አወጣ። ማግኔት ብረትን ይይዛል፣ አሉሚኒየምን ይተዋል። በበሮቹ ላይ አሳለፈው፤ አልያዘም። በኮፈኑ ላይ፤ አልያዘም። የፊት ጎማዎቹን ከላይ በሚሸፍኑት በሁለቱ ፓራፋንጎዎች ላይ፤ አልያዘም። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።

በዚያች ከተማ ውድ ዕቃ ሲሸጥ ዋጋው በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዥ ቀኝ እጃቸውን በፎጣ ሥር ያገናኛሉ፤ ጣት ሲያዝ፣ ጣት ሲለቀቅ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል። የቆመው ሰው የሚያየው የፎጣውን መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሐጂ በድሩ ፎጣቸውን አነጠፉ። ናትናኤል እጁን ሰደደና ጣቶቻቸውን ያዘ፤ ሙንተሃ በሕልሟ ካሰበችው እጥፍ ነበር። ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ጣሪያውም ይቆማል።

"ሐጂ፣ ዋጋዬ ይሄ ነው" አለ ናትናኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማግኔቴ ከሚለኝ ይልቅ እርስዎ የሚሉኝን አምናለሁ። ሁሉም ያልተነካ ነው?"

ሐጂ በድሩ ራሳቸው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆነው ታዩዋቸው። ያኔ ሸምሰዲን መኪናዋን ከግንብ አጋጭቶ የፊት ግራ ፓራፋንጎዋን አጨማደደ። "ከወደብ የአሉሚኒየም ሉህ አስመጣና እንደነበረች አድርግልኝ" ብሎ ከሉሁ ዋጋ ጋር ሰጣቸው። ሉሁ ዘገየ፤ ቢመጣም አሉሚኒየም መበየድ ገና አልቻሉም ነበር። አለመቻላቸውን መናገር አፈሩ። ከአሮጌ በርሜል ብረት ቆርጠው ቀጠቀጡ፣ ስቱኮ ደራረቡ፣ አረንጓዴ ቀቡ። ሸምሰዲን ዞሮ ዞሮ አየና "ማሻአላህ፣ በድሩ የነካው አይታወቅም!" አለ። አባባሉ ከዚያ ቀን ተነሣ። የተጨማደደውን አሉሚኒየም ደግሞ ለአቅላጭ ሰጡት፤ አቅልጦ ትልቅ ድስት አደረገላቸው።

አሁን ውስጣቸው አንድ ለስላሳ ድምፅ ተናገረ። "ዝም በል። ለራስህ አይደለም፤ ለሙንተሃ ነው። የመበለት ቤት ማፍረስ ይሻላል ወይስ የአንድ ሀብታም መጫወቻ?" ሸይጣን ሲመጣ ሁልጊዜ ቀንድ አያወጣም፤ አንዳንዴ አዛኝ መስሎ ይመጣል።

ሐጂ በድሩ እጃቸውን ሳቡ።

"ፎጣውን አንሣው፣ ልጄ" አሉ። "ይሄ በፎጣ ሥር የሚባል አይደለም። የፊት ግራ ፓራፋንጎዋ ብረት ነው። የበርሜል ብረት። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለባለቤቷም ዋሽቼዋለሁ።"

ናትናኤል የቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። "ማግኔቱ እኮ አልያዘም።"

"አይይዝም። ጣት የሚያህል ስቱኮ አልብሼዋለሁ። ቢላዋ አምጡ።"

ቀለሙ ተፋቀ፣ ነጩ ልስን ተንኮታኮተ። ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ተለጠፈ። 

መጀመሪያ የተናገረችው ሙንተሃ ናት።

"አርባ አምስት ዓመት የተኛ እውነት፣ የእኔን ግድግዳ ጠብቆ ነው የሚነቃው? ሸምሰዲን በየጁምዓው ከጎንዎ ሲሰግድ የት ነበር?"

"ልክ ነሽ" አሉ። ራሳቸውን ለማዳን አንድ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ "ቢላዋው ያረፈው በእኔ ሥራ ላይ ነው፤ ደሙ ከአንቺ አይፈስም። ይሄ ሰው የሚቀንሰውን ሁሉ የምሞላው እኔ ነኝ። የሸምሰዲን ሐቅ፣ የእኔ ዕዳ ነው፤ ወራሹ አንቺ ነሽ" አሉ።

ናትናኤል መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሮ አያት። ሄዶ ሊቀር ይችል ነበር። በመጨረሻ ከዋጋው ላይ ሩቡን ቀንሶ፣ በአደባባይ በአፉ ተናገረው። ሐጂ በድሩ ያንን ሩብ ከቤታቸው አምጥተው በሙንተሃ እጅ አኖሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው ለዑምራ፣ ለመካ ጉዞ፣ ያጠራቀሙት ነበር።

ገንዘቡን ይዘው ሲመለሱ በትከሻቸው ትልቁን ድስትም ተሸክመው ነበር። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ በየረመዷኑ ለመስጊዱ ድሆች የማፍጠሪያ ሾርባ የሚፈላበት ነው።

"ይሄም ያንቺ ነው" አሉና ታሪኩን ነገሯት።

ናትናኤል ዓይኑ ፈጠጠ። "ይሄ ድስት የእሷ አካል ነው ማለት ነው! እትዬ ሙንተሃ፣ ይሽጡልኝ፤ ከመኪናዋ ጋር ላኑረው።"

ሙንተሃ ድስቱን በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። "ሸምሰዲን ይሄን ቢያይ!" አለች። ከዚያ ፊቷ ረጋ። "አይሸጥም። ወደ መስጊድ መልሱት። እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ሶደቃ ፈልቶበታል፤ ከእንግዲህ የባለቤቱን ያፍላ።"

መኪናዋ ተጎትታ ከሄደች በኋላ ከጎረቤት አንዱ ሐጂ በድሩን ጠየቃቸው። "ሐጂ፣ ስምዎን አጡ፣ ዑምራዎን አጡ። በልብዎ ተጸጽተው፣ ተውባ አድርገው ዝም ቢሉ አላህ መሓሪ አልነበረም?"

እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

"ተውባ በምላስ ይጀመራል፤ የሚያልቀው ግን በባለሐቁ ደጅ ነው።"

በዚያ ክረምት የሙንተሃ ግድግዳ ቆመ። "በድሩ የነካው አይታወቅም" የሚለው አባባል ግን ከከተማዋ ጠፋ።

ይህን ወሬ ስሰማ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው። ሐጂ በድሩ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ኢስቲግፋር እያሉ ምሕረት ለምነዋል፣ መካ ድረስ ሄደው ካዕባን ዞረዋል። የሸምሰዲን ቤት ከቤታቸው ሦስት መታጠፊያ ብቻ ነበር፤ ያንን መንገድ ግን ለመሄድ አርባ አምስት ዓመት ፈጀባቸው። በእኛና በጌታችን መካከል ያለውን እሱ በእዝነቱ ያብሰዋል። በእኛና በሰው መካከል ያለውን ግን ተሸክመን ካላደረስነው፣ ምንም ያህል ስቱኮ ብንደርብበት ከሥሩ ብረት ነው። እያንዳንዳችን ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ስንመለስ በየትኛው ደጅ አቀርቅረን እንደምናልፍ እናውቃለን።