ጋራ ላይ የወጣው በሬ

በአንድ ወቅት ከትልቅ ገደል ሥር የተሠራች መንደር ነበረች። ለምን እዚያ እንደ ሠሯት አትጠይቁኝ፤ ሰው ውኃና ለም አፈር ካየ ቀና ብሎ ገደል አያይም። አንድ ክረምት ዝናቡ ለሁለት ሳምንት አላባራ አለ። ከገደሉ ድንጋይ መርገፍ ሲጀምር የሁሉም ሐሞት ፈሰሰ።

ቄስ ገሠሠ የሦስት ቀን ምሕላ አወጁ። ሰዉን ከነልጁ ከቤቶቹ ከፍ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አስገብተው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምሕላው ሳይፈጸም ከዚህ በር የወጣውን ገዝቻለሁ!» አሉ። ግዝት ቀልድ አይደለም፤ ያሰረው ቄስ ካልፈታው እስከ መቃብር ይከተላል። ቀጥለውም «ነቢያት እስራኤልን ሲገሥጹ ጣታቸውን ወደ በሬ ይቀስሩ ነበር። መታዘዝን ከከብት እንኳ ተማሩ!» ብለው ሰዉን አስለቀሱት።

በማግስቱ የእማማ አትጠገብ በሬ ዳለቻ ገመዱን በጠሰ። አለንጋ አርፎበት የማያውቅ፣ ሕፃን የሚመራው በሬ! መንደሩን ጥሎ ማዶ ጋራው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ቤቶቹ አዙሮ እምቧ ይል ጀመር። ከቅጥሩ ውስጥ ሁሉም አየው። እማማ አትጠገብ እግራቸው ከተያዘ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ታች ቤታቸው ተኝተዋል። ሦስቱ ልጆቻቸው ግን ምሕላው ላይ ነበሩ።

ትልቁ ይታየው በሬውን አየ፤ ገደሉንም አየ። «አባ፣ ትናንት ከበሬ ተማሩ አሉን። ይኸው ተማርኩ» አለና አንዱን ልጁን አዝሎ፣ ሌላውን ታቅፎ ወጣ። ዐሥራ ሰባት ሰው ተከተለው። በእናቱ ደጅ ሲያልፍ «እማዬ፣ ልጆቹን አድርሼ መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። ጋራው ላይ ሲደርስ ግን መመለሱን ፈራ። ይህን ራሱ ነው የተናገረው።

እህቱ ጥሩወርቅ በቅጥሩ በር ላይ ክንዷን ዘርግታ ቆመች። የቀረው ሰው ፍየሉንና እህሉን ሊያወጣ ሲጋፋ፣ «ለእግዚአብሔር ቆመን ለፍየል እንወጣለን? ግዝቱን አልሰማችሁም?» አለች። አርባ ያህል ሰው በእሷ ቃል ቀረ። እናቷ ታች እንዳሉ ታውቃለች። «አንተ ጠብቃት» እያለች ታለቅሳለች እንጂ አንድ እርምጃ አልተራመደችም።

ትንሹ ምንይችል ከቄሱ እግር ሥር ወደቀ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። እናቴ ብቻዋን ናት።»

«ልጄ፣ በጸሎት እርዳት።»

«እንግዲያው ይገዝቱኝ!» አለና ከእህቱ ክንድ ሥር ሾልኮ ሮጠ። ቄሱም «ተመለስ ልጄ፣ ተመለስ!» እያሉ ተከተሉት። እናቱን አዝሎ ጋራውን መውጣት ሲጀምር ገደሉ ተናደ።

እግዚኦ! ያንን ድምፅ የሰሙ እስከ ዛሬ ነጎድጓድ ሲመጣ ልባቸው ይከዳቸዋል። ቤቶቹ ከነከብቱ ተቀበሩ። ጭቃው ጋራው ላይ ያሉትን አልነካም፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩልም በሩ ሥር ደርሶ ቆመ። ቄስ ገሠሠ ግን ታች ከጭቃው ሥር ቀሩ። ግዝቱን የሚፈታም አብሮ ጠፋ።

እማማ አትጠገብ ብርድ መትቷቸው ከሦስት ቀን በላይ አልቆዩም። ለእርሻ የተረፈው ዳለቻ ብቻ ነበርና ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ዳለቻ እግዚአብሔርን ለታዘዘው ልጄ ነው። ለሌላ ብትሰጡት አጥንቴ ይፋረዳችሁ!» አሉ። «የትኛችን ነው እማዬ?» ሲሏቸው ዓይናቸው ተከድኖ ነበር።

ይታየው ገመዱን ሊይዝ እጁን ዘረጋና ግዝቱ ትዝ አለው፤ መለሰ። ጥሩወርቅ ግዝት የለባትም፤ ነገር ግን የእናቷ ባዶ አልጋ በሕልሟ ይመጣባታል። ምንይችልም የቄሱ «ተመለስ» ከጆሮው አልወጣም። የዘር ጊዜ ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ዳለቻም የተበጠሰ ገመዱን እየጎተተ ቆሟል።

እኔ የሙት አጥንት እፈራለሁ፤ አልፈርድም። እናንተ ተሟገቱና ንገሩኝ፦ ዳለቻ ለማን ይገባል?