ባለ ከብቱና ኑግ ጨማቂው

አንድ ባለ ከብት ነበረ። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከጎረቤቱ ከኑግ ጨማቂው ጋር ገበያ መሃል ተጣላ።

የጀመረው ጨማቂው ነው። «ጌታዬ፣ እስከ ፋሲካ የእርስዎ ቅቤ ለጠጉር ነው፤ ወጡ የእኔ ነው» ብሎ ቀለደ። ገበያተኛው ሳቀ። ባለ ከብቱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ከእንግዲህ አንተ የነካኸው ነገር ግቢዬ ቢገባ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» ብሎ በሰው ፊት ማለ።

በዚያው ሳምንት ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ተገላገለች። አራስ አትጾምምና ወተቱም ቅቤውም የእሷ ሆነ። ሕፃኑ ያለ ወሩ የተወለደ፣ ክንድ የማይሞላ ነው። የእናቱ ጡት ከደረቀ አይኖርም።

ከማለ በሃያኛው ቀን ከአምስቱ ላሞቹ ሦስቱ ነጠፉ። የሁለቱም ወተት ቀጠነ፤ ቢናጥ ቅቤ አይወጣውም። የአራሷ ከንፈር ተሰነጣጠቀ፣ ጡቷም ጎደለ። ሕፃኑ ማልቀስ አቆመ። ባለ ከብቱን ያስፈራው ይህ ዝምታ ነው።

«ያ ጨማቂ መድኃኒት አድርጎብኝ ነው» አለና ጠመንጃውን አነሣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ይሄዳሉ?»

«ዞር በይልኝ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋ በጋውን ላሞችዎ የሚበሉት የእሱን ፋጉሎ ነው። ኑጉ ተጨምቆ የሚቀረውን በቅቤ እየለወጥሁ የማመጣው እኔ ነኝ። በማሉ ማግስት ተውሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀው ያውቃሉ?»

እውነት ነው። በቅቤው ይኮራ ነበር እንጂ ላሞቹ ሣር ሲደርቅ ምን እንደሚበሉ ጠይቆ አያውቅም። ጠመንጃውን አስቀመጠ። ወደ ጨማቂው ደጅ ሄዶ አንድ ከረጢት ፋጉሎ ለመነ፤ በራሱ ትከሻ ተሸክሞም በገበያው መሃል ተመለሰ። ላሞቹ ወተት መለሱ፤ ሕፃኑም ተረፈ።

መሪጌታ ውብአንተ ይህን ተረት ተናግረው ምክር ሊጠይቃቸው ወደ መጣው ወጣት ዞሩ። ወጣቱ የመጣው ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ እናቱ «ቅቤ»፣ አማቱ «ተልባ» እያሉ ቤቱን ለሁለት ስለ ከፈሉበት ነው።

«ልጄ፣ ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ ካልመጣለት የሚጎድልበት ቅባት አለ። ላምም አትሠራውም፤ ከሣርና ከፍሬ ተቀብላ ነው የምታቀብልህ። አንተም እንደዚያ ሰው አንዱን ደጅ ልትዘጋ ነው የመጣኸው።»

«እንግዲያ የረታው ጨማቂው ነው፤ አማቴን ደስ ይበላት» አለ ወጣቱ።

መሪጌታ አልሳቁም። «ጨማቂው ለፋጉሎው ዋጋ አልጠራም። እሱም የለመነው ቅቤ ነው። የአምስት ዓመት ልጁ ቅቤ ስትበላ የሚሻላት ዳፍንት ነበረባት፤ ልውውጡ ከቆመ ወዲህ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር የምትሄደው።»